የአፓላሺያ የድሮ ሙዚቃ፦ ባንጆው ከየት መጣ? ማንስ አቆየው?

በ2024 መጀመሪያ ላይ ቢዮንሴ «ቴክሳስ ሆልደም» የሚለውን ዘፈኗን ስትለቅ ገና ከመነሻው የሚሰማው ባንጆ የሚባለው ባለ ክር መሣሪያ ነበር። ባንጆውን የተጫወተችው ሪያነን ጊደንስ ናት። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ባንጆ የነጭ ገበሬ መሣሪያ አይደለም እንዴ? ጥቁር ዘፋኝ ከካንትሪ ሙዚቃ ምን አላት? ካንትሪ የሚባለው ስም ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ግን የሚጠይቀው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ባንጆ ከጥቁሮች እጅ እንዴት ወጣ?

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሙዚቃ ነው። እንዳይጠፋ ከደከሙለት ባንዶች ስለ አንዱም ነው። ባንዱ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ይባላል። ሪያነን ጊደንስ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦልድ ታይም ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?

አፓላሺያ በምሥራቅ አሜሪካ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ ሸናንዶዋ ሄዶ የተዝናና ወገናችን ሁሉ የዚህን ተራራ አንድ ጫፍ ረግጧል። ሙዚቃው የበቀለው በደቡባዊው ክፍል ነው፦ በቨርጂንያ፣ በዌስት ቨርጂንያ፣ በኬንታኪ፣ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና። ከተራራው በስተምሥራቅ ዝቅ ብሎ ፒድሞንት የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። ዋናው ታሪካችን ያለው እዚያ ነው። ዜማው ግን ተራራና ኮረብታ ሳይለይ ይመላለስ ነበር።

ኦልድ ታይም የሚባለው ሬዲዮና ሸክላ ከመምጣታቸው በፊት ሰው በቤቱና በደጁ ይጫወተው የነበረው ነው። በቆሎ ሲፈለፈል፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ። አብዛኛው የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ግጥም ያለው አለ፤ የሌለውም ብዙ ነው። የብዙዎቹ ደራሲ አይታወቅም። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ኖታ አያነቡም ነበር፤ ዜማው በጆሮ የተለቀመ ነው። የሸክላ ኩባንያዎች በ1920ዎቹ መቅዳት ሲጀምሩ ያኔም «የድሮ ዜማ» እያሉ ነበር የሚሸጡት።

ስትሪንግ ባንድ ደግሞ ከበሮም ጡሩምባም ሳይኖረው በባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወት ቡድን ነው። ፊድል፣ ባንጆ፣ ጊታር፣ አንዳንዴም ቤዝ። ፊድል ያው ቫዮሊን ነው፤ የሚለየው አጨዋወቱ ነው። ጊታር ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከካታሎግ እየታዘዘ በፖስታ ሲላክ፣ ዋጋውም ሲረክስ ነው ገጠር የገባው። ከዚያ በፊት ለአንድ ሌሊት ጭፈራ አንድ ፊድልና አንድ ባንጆ በቂ ነበሩ።

ሲጫወቱት ምን ይሆናል?

አንድ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሁለቴ ይጫወታል፤ ሁለተኛውም ሁለቴ። አንድ ዙር ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ከዚያ ተመልሶ ከመጀመሪያው። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ጨፋሪው እስኪበቃው ድረስ።

ለአዲስ ጆሮ መደጋገሙ ያሰለች ይሆናል። ትንሽ ሲቆዩበት ግን በየዙሩ የሆነ ነገር ሲለወጥ ይሰማል። ፊድለኛው ደጋኑን አንዲት ቅንጣት ያዘገያል። ባንጆው ሰምቶ ይከተለዋል። ጊታሩ ከሥር አንድ ድምፅ ይለውጣል። በአምስተኛው ዙር ላይ ሁሉም አንድ ላይ መተንፈስ ይጀምራሉ። ለእኔ የዚህ ሙዚቃ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስት ደቂቃ ቅጂ ብቻ የሰማው ሰው ግማሹ ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ማንም ተራ ይዞ ብቻውን አይራቀቅም። ሠርግ ቤት ሁሉም ሰው ያንኑ ዘፈን ሲያወጣ፣ አንዱ ሲያስረዝም፣ ሌላው ሲያሳጥር፣ እያንዳንዱ በራሱ ጉሮሮ ሲያሳምረው እንደሚሰማው ነው። ዜማው የሁሉም ነው። በኦልድ ታይምና በብሉግራስ መካከል ያለው ዋናው ልዩነትም ይህ ነው። ብሉግራስን የቀረጸው የኬንታኪው ቢል ሞንሮ ነው። ኧርል ስክራግስ በ1945 መጨረሻ ባንዱን ተቀላቅሎ ባንጆን በሦስት ጣት በፍጥነት መጫወት ሲጀምር መልኩን ያዘ። መድረክ ላይ የሚቀርብ ሙዚቃ ነው፤ አንዱ ወደ ማይኩ ቀርቦ ችሎታውን ያሳያል፣ ሌላው ይረከበዋል። ስለዚህ ብሉግራስ ከኦልድ ታይም የተወለደ ነው እንጂ ራሱ አይደለም።

ሌላው ነገር ቅኝት ነው። ፊድለኛው ክሮቹን እንደ ዜማው እየለወጠ ይቃኛል። ደጋኑ ሁለት ክር አንድ ላይ ይነካል፤ አንዱ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ሌላው ከሥር ሳያቋርጥ ያስተጋባል። ባንጆውም በዚያው ይቃኛል። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መሄድ ጊዜ ስለሚፈጅ ተጫዋቾች ሲሰበሰቡ በአንድ ቅኝት ላይ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። ከዜማዎቹ መካከል በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሄዱ አሉ። እነዚያ አምስት ድምፆች ከትዝታ ሜጀር ድምፆች ጋር አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ይህ ዝምድናን አያሳይም፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በብዙ የዓለም ክፍል አለ። የእኛ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው «ይሄን የማውቀው ይመስለኛል» ቢል ግን አይገርምም።

መቼ እንደሚቆምስ በምን ይታወቃል? ዜማውን የጀመረው ሰው አንድ እግሩን ከፍ ያደርጋል። በቃ፣ የመጨረሻው ዙር ነው ማለት ነው።

ባንጆ ከየት መጣ?

ሥሩ ከምዕራብ አፍሪካ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። በባርነት የተጋዙ ሰዎች በካሪቢያን ደሴቶችና በአሜሪካ ቅል ጠርበው፣ ቆዳ ወጥረው፣ እንጨት አንገት ገጥመውለት ሠሩት። የአየርላንድ ተወላጁ ሐኪም ሃንስ ስሎን በ1687 እና በ1688 ጃማይካ በነበረበት ጊዜ ይህን መሣሪያ አይቶ ነበር። በ1707 ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን አወጣው። ቶማስ ጀፈርሰንም በ1780ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ የጥቁሮች መሣሪያ ባንጃር እንደሚባልና ከአፍሪካ እንዳመጡት ጽፏል።

ዛሬም በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚባል መሣሪያ ይጫወታል። ቅል አለው፤ ቆዳ ተወጥሮበታል። ሦስት ክር አለው፤ አንዷ ከሌሎቹ ታጥራለች። ተጫዋቹ በጥፍሩ ክሩን ወደ ታች ይመታል፤ አውራ ጣቱ አጭሯን ክር ይነካል።

አሁን የኦልድ ታይም ባንጆን እንይ። አምስት ክር አለው። አምስተኛዋ አጭር ናት፤ ከአንገቱ መሐል ትጀምራለች። ክሎሃመር በሚባለው አጨዋወት ተጫዋቹ እጁን ግማሽ ጨብጦ በጥፍሩ ወደ ታች ይመታል፤ አውራ ጣቱ አጭሯን ክር ይነካል። በሁለቱ እጆች መካከል አንድ ውቅያኖስና ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለ። እንቅስቃሴው ግን ያው ነው።

ፊድሉ ደግሞ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ከመጡ ሰፋሪዎች ጋር የገባ ነው። ብዙ ዜማም አብሮ ገብቷል። ነገር ግን ፊድልን የተጫወቱት ነጮች ብቻ አልነበሩም። በባርነት ዘመን ለጌቶች ጭፈራ ፊድል የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ ጥቁሮች ነበሩ። የአውሮፓው ደጋን የአፍሪካን ምት የተማረው በእነሱ እጅ ነው። ኦልድ ታይም ማለት የዚህ ግንኙነት ልጅ ነው።

ታዲያ እንዴት የነጭ ሙዚቃ ተባለ?

በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። በ1830ዎቹ የቨርጂንያው ጆኤል ስዊኒ የተባለ ነጭ ባንጆ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። በ1840ዎቹ ሚንስትሬል የሚባለው ትርዒት አገሩን አጥለቀለቀው። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው፣ ባንጆና ፊድል ይዘው፣ ጥቁሮችን ሞኝና ሰነፍ አድርገው ያሳዩበት ነበር። ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካ ዋነኛ መዝናኛ ሆኖ ቆየ። ባንጆ በፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ለብዙ ጥቁር ቤተሰብ ባንጆ መያዝ ያንን ስድብ መሸከም ሆነ። ይህን ሳይረዱ «ጥቁሮች ራሳቸው ትተውት ነው» ማለት ትክክል አይደለም።

ከዚያ የሸክላ ገበያ መጣ። በ1923 ራልፍ ፒር የተባለ የኦኬ ኩባንያ ሰው አትላንታ ሄዶ ፊድሊን ጆን ካርሰንን ቀዳ፤ ሸክላው ተሸጠ። በ1927 ደግሞ በቴነሲና በቨርጂንያ ድንበር ላይ ባለችው በብሪስቶል ከተማ የካርተር ቤተሰብ የተባለውን የዘፋኞች ቡድንና ዘፋኙን ጂሚ ሮጀርስን ቀዳ። የካንትሪ ሙዚቃ ታሪክ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ተነሥቶ ነው። ግን ኩባንያዎቹ ሸክላውን የሚሸጡት በሁለት ካታሎግ ከፍለው ነበር። አንዱ «የዘር ሸክላ» ተብሎ ለጥቁር ገዢ፤ ሌላው «ሂልቢሊ» (የተራራ ገጠሬ እንደ ማለት) እየተባለ ለነጭ ገዢ። ጥቁር ሙዚቀኛ ሲመጣ የሚፈለግበት ብሉዝ ነበር። ፊድልና ባንጆ የሚጫወት ጥቁር ባንድ የሚገባበት ሳጥን አልነበረውም።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ፍንትው ያደርገዋል። በ1930 ፊድለኛው ሃዋርድ አርምስትሮንግ የነበረበት የጥቁሮች ስትሪንግ ባንድ በቴነሲ ኖክስቪል ከተማ ሸክላ ቀዳ። ያው ቅጂ ለጥቁር ገዢ «ቴነሲ ቾኮሌት ድሮፕስ» በሚል ስም ወጣ፤ ለነጭ ገዢ «ቴነሲ ትሪዮ» በሚል ስም። ሙዚቃው አንድ ነው። የተለየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

የካርተር ቤተሰብ ታሪክም ሙሉ የሚሆነው ሌዝሊ ሪድል ሲጨመርበት ነው። ጥቁር ጊታር ተጫዋች ነበር። ኤ. ፒ. ካርተር በየመንደሩ እየዞረ ዘፈን ሲሰበስብ ሪድል አብሮት ይሄድ ነበር። ካርተር ግጥሙን ሲጽፍ ዜማውን በጭንቅላቱ የሚይዘው እሱ ነበር።

በዚህ ላይ ስደቱ አለ። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ሄዱ። የገጠሩ ጭፈራ ቀረ። ጭፈራው ሲቀር ፊድለኛው የሚጫወትለት ሰው አጣ።

ጆ ቶምፕሰን ማን ነበር?

በሰሜን ካሮላይና ሜበን በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ የሚኖር ፊድለኛ ነበር። በ1918 ተወለደ። አባቱ ፊድል ይጫወት ነበር፤ ከአባቱ ተማረ። የአጎቱ ልጅ ኦዴል ቶምፕሰን ባንጆ ይጫወታል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለነጭም ለጥቁርም ጭፈራ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጆ የሚተዳደረው በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ሙዚቃው ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ሲያገኟቸው እንደገና ጀመሩ። ኦዴል በ1994 በመኪና አደጋ ሞተ። ጆ ብቻውን ቀረ። በኋላም ስትሮክ መታው፤ ፊድሉን ግን አልተወም።

በዚያ ጊዜ በጥቁር ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የወረደውን የስትሪንግ ባንድ አጨዋወት ይዘው ከቀሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከእሱ በኋላ ያለው መንገድ የሸክላና የቴፕ ቅጂ ብቻ ሊሆን ነበር።

ወጣቶቹ ምን አደረጉ?

በ2005 ቡን በምትባለው የሰሜን ካሮላይና ተራራማ ከተማ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ጉባኤ ተካሄደ። ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን እዚያ ተገናኙ። ሪያነን በኮሌጅ ኦፔራ ያጠናች ናት። ዶም ከአሪዞና የመጣ ነው። ጀስቲን የሰሜን ካሮላይና ልጅ ነው። ከጉባኤው በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየተሰበሰቡ ጆ ቶምፕሰን ቤት መሄድ ጀመሩ። ያኔ ጆ ሰማንያ ስድስት ዓመት አልፎታል።

የሚማሩት እንዴት ነበር? ጆ «ይህን ኖታ እንዲህ ያዙ» የሚል መምህር አልነበረም። ይጫወታል፤ እነሱም አብረው ይጫወታሉ። ዜማው ይደጋገማል። የሳቱትን በሚቀጥለው ዙር ያገኙታል። ሪያነን ኦዴል ይይዘው የነበረውን የባንጆ ቦታ ያዘች። ጀስቲን ከጆ አጠገብ ፊድሉን ያዘ። ቀስ እያለ ምቱ በእጃቸው ገባ። ከቅጂ ሊገኝ የማይችለው ይህ ነው፤ ሽማግሌው የት ላይ እንደሚቸኩል፣ የት ላይ እንደሚታገሥ፣ እግሩ መሬቱን እንዴት እንደሚመታ።

ባንዱን ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ያሉት እነዚያን ቴነሲ ቾኮሌት ድሮፕስ የተባሉትን የ1930ዎቹን የኖክስቪል ሰዎች በማሰብ ነው። ባንጆና ፊድል ላይ የእንስራ ንፋት፣ የአጥንት ማጨብጨቢያና ጊታር ጨመሩ። የቶምፕሰንን ዜማዎች እሱ ባወረሳቸው መንገድ ተጫወቱ። በዚያ ብቻ ግን አልቆሙም፤ በ2001 የወጣ አንድ የአር ኤንድ ቢ ዘፈን በፊድልና በባንጆ ሠርተው ወጣቱን ሳቡት። በ2010 ያወጡት አልበም በቀጣዩ ዓመት በባህላዊ ፎክ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ጆ ቶምፕሰን ይህን አይቶ ነው በ2012 በ93 ዓመቱ ያረፈው። ከዚያ በፊት በ2007 አገሪቱ ለባህል ሙዚቀኞች የምትሰጠውን ከፍተኛውን ክብር ተቀብሎ ነበር።

መሥራቾቹ ቀስ በቀስ ተለያዩ። ሥራው ግን ቀጠለ። ሪያነን በ2017 የማክአርተር ፌሎሺፕ የተባለውን ትልቅ ሽልማት፣ በ2023 ደግሞ ከማይክል ኤብልስ ጋር በደረሰችው ኦፔራ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች። በ2025 በሰሜን ካሮላይናዋ ደርሃም ከተማ ባዘጋጀችው ፌስቲቫል ላይ የድሮው ባንድ እንደገና ተሰባሰበ። በዚያው ዓመት ሪያነንና ጀስቲን ሁለቱ ብቻ፣ አንድ ባንጆና አንድ ፊድል ይዘው፣ የሰሜን ካሮላይና ዜማዎችን አወጡ። የቀዱት ስቱዲዮ ገብተው ሳይሆን ደጅ ሆነው ነው፤ አንዱም ቦታ የጆ ቶምፕሰን ቤት ነበር።

ያቆዩት እነሱ ብቻ ናቸው?

አይደሉም። በ1958 የተመሠረቱት ኒው ሎስት ሲቲ ራምብለርስ የተባሉ የኒው ዮርክ ወጣቶች የ1920ዎቹን ሸክላዎች እየሰሙ መልሰው ተጫወቱ፤ ብዙ የከተማ ልጅ በእነሱ በኩል ወደ ሙዚቃው ገባ። በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ሥር ደግሞ ቶሚ ጃረል ነበር። ዕድሜውን የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ወጣቶች ከየአገሩ እየመጡ ቤቱ ያድሩ ጀመር። አብልቶ፣ አሳድሮ፣ እስከ ሌሊት ፊድል ይጫወትላቸው ነበር። በ1985 ሲሞት አጨዋወቱን የያዙ ሰዎች ከአሜሪካም አልፈው ነበር።

ከ2000 ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ካሮላይና አሌጋኒ ካውንቲ የተጀመረ አንድ ፕሮግራም የተራራውን ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፊድል፣ ባንጆና ጊታር ያስተምራል። ትምህርቱ እንደ ድሮው በጆሮ ነው። አሁን ወደ ሌሎች ስቴቶችም ደርሷል።

መስማት የፈለገ የት ይሂድ?

በቨርጂንያ ጌላክስ ከተማ የፊድለኞች ጉባኤ ከ1935 ጀምሮ በፈረንጆቹ በጋ (በሰመር) ይካሄዳል። በዌስት ቨርጂንያ ክሊፍቶፕም የስትሪንግ ባንዶች ፌስቲቫል አለ። መድረክ ላይ ውድድር አለ፤ እኔ ግን መድረኩን ትታችሁ በድንኳኖቹ መሐል እንድትዞሩ እመክራለሁ። በየቦታው አምስት ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ ይጫወታል። መሣሪያ ካላችሁ ከክቡ ውጪ ቁሙና ስሙ። ዜማው ጥቂት ዙር ሲሄድ በቀስታ መከተል ይቻላል። ከመቀላቀል በፊት ግን ቅኝታቸውን ጠይቁ፤ ቤዝ የያዘ ሰው ካለ ሁለተኛ ቤዝ ይዛችሁ አትግቡ።